ምሳር ገንፎ

ስለ ኢትዮጵያ ደኖች የሚጻፉ ጥናቶች ብዙውን ጊዜ መጨረሻቸው ላይ አንድ ረጅም ሰንጠረዥ አላቸው። በአንዱ ዓምድ ሳይንሳዊ ስም፣ በሌላው የዕፅዋት ቤተሰብ፣ ቀጥሎ «የአካባቢ ስም»። እኔ ሥራዬ ሶፍትዌር መጻፍ ነው፤ የተማርኩትም ኢንጂነሪንግ ነው። ስለ ዛፍ የማውቀው ደብረ ታቦር ያደገ ልጅ ሁሉ የሚያውቀውን ያህል ነበር፦ ወይራ ለዱላና ለጭስ፣ ጥድ ለቤት፣ ባህር ዛፍ ለሁሉም ነገር። እነዚያን ሰንጠረዦች ከሥራ ሰዓት ውጪ መሰብሰብ የጀመርኩት ለአንዲት ትንሽ አፕ ብዬ ነው። አንድ ሰው የዛፍ ስም በአማርኛ ሲጽፍ ሳይንሳዊ ስሙን ታወጣለታለች፤ ሳይንሳዊውን ሲጽፍ ደግሞ አያቱ የሚጠሩበትን ስም ትመልስለታለች። በቃ፣ ይኸው ነው።

ችግሩ ያለው ፊደሉ ላይ ነው። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል፤ ሰንጠረዦቹ ግን ዛሬም ድረስ አማርኛውን ስም በላቲን ፊደል ነው የሚጽፉት። ላቲን «ጠ»ን ከ«ተ»፣ «ቀ»ን ከ«ከ» እንደ ልብ አይለይም። ግዕዙና ራብዑ አንድ ይሆናሉ፤ ሳድሱ አንዳንዴ «አይ» ይሆናል፣ አንዳንዴ «ኢ»፣ አንዳንዴ ጭራሽ ይዋጣል። ስሙን ወደ ፊደላችን የሚመልስ ኮድ ስጽፍ ለአንድ ዛፍ ስምንት፣ ሲብስ አሥራ ስድስት አማራጭ ይተፋልኛል። ከዚያ ውስጥ የትኛው ቃል እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ብቻ ነው። ሰውዬው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ኢንተርኔት ላይ የለም።

ከነዚህ ረድፎች አንዱ ላይ ኢሌክስ ሚቲስ የሚባል ዛፍ አለ። የአካባቢ ስሙ በአንዱ ጥናት «ሚሳር ገንፎ» ተብሎ ይነበባል፤ በሌላው «ሚሲር ገንፎ»። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ስክሪኔን አይታ «ምስር ገንፎ? የጾም ነው?» ብላ ሳቀች። ቢሮው ሁሉ ተቀበላት። ያን ቀን ምሳ ላይ ሽሮና ምስር ያዘዘ ሰው ሁሉ «ከዛፉ ወይስ ከድስቱ?» እየተባለ ዋለ።

ኢሌክስ ማለት ፈረንጆች በገና ሰሞን በራቸው ላይ የሚሰቅሉት፣ ቅጠሉ ዳር ዳሩን እሾሃማ፣ ፍሬው ቀይ የሆነው ዛፍ ወገን ነው። በዓለም ላይ ከአምስት መቶ በላይ ዝርያ አለው። አርጀንቲናዎች ቀኑን ሙሉ የሚመጡት ማቴ የሚባለው መጠጥ ከዚሁ ወገን ከሆነ ዛፍ ቅጠል ነው የሚፈላው። ከሰሐራ በስተደቡብ ባለው የአህጉራችን ክፍል በተፈጥሮ የሚበቅለው ግን አንድ ዝርያ ብቻ ነው፤ እሱም ይኸው የኛው ነው። ከኢትዮጵያ ደጋ ጀምሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ ጫፍ ድረስ፣ ማዳጋስካርም ላይ፣ በተራራ ደንና በጅረት ዳር ይገኛል። አዲስ አበባ ውስጥ በታኅሣሥ ወር ሱፐርማርኬት ብትገቡ የአውሮፓው ዘመዱ በፕላስቲክ ተሠርቶ፣ ቀይ ፍሬው ሳይቀር ተለጥፎለት፣ ከውጭ ተጭኖ መጥቶ ታገኙታላችሁ። የኛው ግን ስሙ በየትኛው ፊደል እንደሚጻፍ እንኳ አልተስማማንም።

ደብረ ታቦር ደወልኩ። የእናቴ ወንድም አናጢ ናቸው፤ ከአርባ ዓመት በላይ እንጨት ሲልጉ የኖሩ ሰው።

«ጋሼ፣ ምሳር ገንፎ የሚባል ዛፍ ያውቃሉ?»

«ምሳር ገንፎ? አሳምሬ ነዋ!»

«ለምንድነው እንዲህ የሚባለው?»

«ለምሳር ገንፎ ስለሆነ ነዋ፣ አንተ ልጅ። ወይራን ስትመታው ምሳሩ ይጮሃል፣ ክንድህ ይደነዝዛል። እሱን ስትመታው ግን ገንፎ ላይ ማንኪያ እንደ ሰደድክ ነው።»

አዲስ አበባ መጥረቢያ የምንለው ነው ምሳር። ይኸው አለቀ፤ ከስምንቱ አማራጭ ሰባቱን ሰረዝኩ። ያ ስም በሁለት ቃል የያዘው መረጃ ገርሞኝ ነው ያደረው። የእንጨቱን ጠባይ፣ መሣሪያውን፣ የሚቆርጠውን ሰው ክንድ፣ ማዕዱን ሳይቀር ይዟል። ሳይንሳዊ ስሙን ደግሞ ብትፈትሹት ነገሩ ይጣፍጣል። ሊኒየስ በ1767 ይህን ዛፍ ሲሰይመው ያስገባው ሲዴሮክሲሎን የሚባል ወገን ውስጥ ነበር። ቃሉ ግሪክኛ ነው፤ «የብረት እንጨት» ማለት ነው። ለዝርያው የሰጠው ቅጽል ደግሞ በላቲን «ገር፣ ለስላሳ» ማለት ነው። ስለዚህ ዛፉ በወረቀት ላይ «ለስላሳ ብረት እንጨት» ሆኖ ቆየ። ኋላ ራድልኮፈር የሚባል ጀርመናዊ የዕፅዋት ሊቅ ብረቱን አንሥቶ ኢሌክስ አደረገው፤ ለስላሳው ብቻ ቀረ። እንደ አውሮፓው ዘመዱ እሾህ ስለሌለው ስሙ ይስማማዋል። የኛ ሰዎች ግን የብረት እንጨት ብለው አያውቁም። ብረቱ ሰው እጅ ላይ እንጂ ዛፉ ውስጥ እንዳልሆነ አናጢ ሁሉ ያውቃል።

አጎቴ ስልኩን ከመዝጋታቸው በፊት እንዲህ አሉኝ፦

«እንዲያውም እኛ ደብር ያለው እሱ ነው፤ በስተምሥራቅ፣ ከአጥሩ ጥግ። እሱንም ሊቆርጡት ነው መሰል።»

እዚህ ላይ ነገሩ ከአፕ ወጣ።

የእናቴ ወገኖች ደብር ከከተማው ወደ ጉና በሚወስደው በኩል ነው፤ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል። ደብረ ታቦር ራሷ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉና ደግሞ ከ4,100 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል፤ ደብሩ ከሁለቱ መሐል ነው። እንደ አብዛኛው የደቡብ ጎንደር ቤተ ክርስቲያን ዙሪያውን በደን ተከብቧል። ከሩቅ ሲያዩት በገብስና በድንች ማሳ መሐል የተቀመጠ ጥቁር አረንጓዴ ቁና ይመስላል። ኮሶ አለ፣ ጥድ አለ፣ ወይራ አለ፣ ከዳር ከዳር ባህር ዛፍ ገብቶበታል። ደብሩ የድንጋይ አጥር ሊሠራ ነበር። አዲስ አበባ ያለን ልጆቹ በቴሌግራም ተሰባስበን ገንዘብ እናዋጣለን፤ የመዋጮውን ሰንጠረዥ የምይዘው ደግሞ እኔ ነኝ። ኮምፒዩተር የሚያውቅ ሰው የሚመደብበት ሥራ ሁሌ ይኸው ነው። ማለትም ምሳር ገንፎውን የሚጥለው የምሳር ዋጋ በኔ ሰንጠረዥ ውስጥ፣ «የጉልበት ሠራተኛ» በሚለው ረድፍ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው።

አጥሩን የምቃወም እንዳይመስላችሁ። ስለ እነዚህ ደኖች በብዛት ከደከሙት ሰዎች አንዱ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የዶክትሬት ጥናት ስለ አብያተ ክርስቲያናት ደን ነበር። እዚሁ ደቡብ ጎንደር ውስጥ 28 ደኖችን እየዞሩ ቆጥረዋል፤ ትንሹ 1.6 ሄክታር፣ ትልቁ 100 ሄክታር ነው። በነዚያ ቁርጥራጭ ደኖች ውስጥ 168 እንጨታማ ዝርያ አግኝተዋል፤ ከነዚህ 160ው አገር በቀል ናቸው። ዙሪያው ሁሉ ታርሶ፣ ታጭዶ፣ ተግጦ ሲያልቅ የቀረው እዚያ ነው የቀረው። ከብት ገብቶ የሚግጥበትን ቦታ ካልገባበት ጋር ሲያነጻጽሩት ደግሞ ከብት በማይገባበት ችግኙ ይተርፋል፤ በሚገባበት ይረገጣል፣ ይበላል። ትልልቆቹ ዛፎች እንዳሉ ይቆማሉ፤ ከሥራቸው ግን ልጅ የለም። ከላይ ስታዩት ደን ነው፣ ከታች ስታዩት የአረጋውያን መጦሪያ። ስለዚህ አጥር ያስፈልጋል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው ዶክተሩ የገፉበት ሐሳብም ይኸው ነው፦ ከማሳው ላይ የሚለቀመው ድንጋይ ለደኑ አጥር ይሁን። ገበሬው መሬቱ ይጸዳለታል፣ ደኑም ይከበራል። የኛም ደብር የሰማው ይህንኑ ነው።

እኔ ሥራዬ ስክሪን ላይ ስለሆነ ደኖቹን ከላይ ማየት ይቀናኛል። እ.ኤ.አ. ከ1938 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ከአየር የተነሡ ፎቶዎችን እያስተያዩ የእነዚህን ደኖች ታሪክ የተከተሉ ተመራማሪዎች አሉ። 1938 የጣሊያን ዘመን ነው፤ ፎቶዎቹን ያነሣው የወራሪው ጦር ነው። ለጦርነት የተነሣ ፎቶ ሰማንያ ዓመት ቆይቶ የዛፍ ቆጠራ ማስረጃ ሆነ። ከጥናቱ የሚወጣው ነገር ሁሉም ሰው እንደሚፈራው አይደለም፤ ደኖቹ በጥቅሉ ቦታቸውን ይዘው ቆይተዋል። የተለወጠው ዙሪያቸውና ውስጣቸው ነው፤ ባህር ዛፉም የመጣው በዚሁ ዘመን ነው። የደኑ ጠርዝ ባለበት ሆኖ ከውስጥ መሳሳቱን ከሰማይ ማየት ከባድ ነው። አንድ ምሳር ገንፎ ቢቆረጥ ሳተላይት ላይ ምንም አይለወጥም።

ዛፉን ለማየት ሄጄ ነበር ብል ደስ ይለኝ ነበር። ግን የ2015 ክረምት ነበር። መንገዱ አያስኬድም፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ፎቶ እንኳ መላክ አይቻልም። ስልኩ ግን አንዳንዴ ይሠራል። ስለዚህ አጎቴ ደብሩ ውስጥ ዛፉ ሥር ቆመው፣ እኔ አዲስ አበባ የዕፅዋት መለያ መጽሐፍ ከፍቼ፣ በድምፅ ብቻ ዛፍ መለየት ጀመርን።

«ጋሼ፣ ቅጠሉ ፊት ለፊት ጥንድ ጥንድ ነው ወይስ እየተፈራረቀ ነው የሚወጣው?»

«ቆይ… እየተፈራረቀ ነው።»

«ዳሩ እንዴት ነው?»

«ጥርስ ቢጤ አለው። ግን የሕፃን ጥርስ ነው፤ አይነክስም።»

«መሐሉ ላይ ያለው ሥር ወደ ውስጥ የገባ ነው ወይስ ያበጠ?»

«ከላይ የገባ ነው፤ ቦይ ሠርቷል። የቅጠሉ እግር ደግሞ ቀላ ይላል፤ የወይን ጠጅ ነገር።»

«ልጡስ?»

«ነጣ ያለ ግራጫ። ሽበት የጀመረው ሰው በለው።»

ሁሉም ገጠመ። አንድ ነገር ቀረኝ። የዚህ ዛፍ ቅጠል በውኃ ሲታሽ አረፋ ያወጣል፤ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ለመታጠቢያ ይጠቀሙበት እንደነበር ተጽፏል። ጋሼ ትንሽ ቅጠል በእጅዎ ይሹልኝ፣ ውኃ ጠብ ያድርጉበት አልኳቸው። አጠገባቸው ከነበረ የቆሎ ተማሪ ቅል ውኃ ተቀበሉ መሰል፣ ዝም አሉ። ከዚያ ሳቁ። «እንዶድን የሚያስንቅ ባይሆንም አረፋ አለው። አርባ ዓመት እንጨቱን ስልግ ኖሬ ቅጠሉን አላሸሁትም!» ልጁም ከኋላ ሲስቅ ይሰማኛል።

ከዚህ በኋላ የጠየቅኳቸው ጥያቄ ነው ነገሩን ያከበደው። የዚህ ወገን ዛፍ ወንዱና ሴቴው የተለያየ ነው። አንዱ ዛፍ ወንድ አበባ ብቻ ያወጣል፣ ሌላው ሴቴ ብቻ። ፍሬ የሚይዘው ሴቴው ነው፤ የአበባውን ብናኝ ንብና ሌሎች ነፍሳት ከወንዱ ካላመጡለት ደግሞ የሚበቅል ዘር አይኖረውም። ሁለት ዛፍ አለ ማለት ሁለቱም ወንድ ወይም ሁለቱም ሴት ሊሆኑ ይችላሉ። አንድ ብቻ ካለማ በራሱ ምንም አይወልድም። እኛ ሥራ ላይ አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ሁሉም ነገር አብሮ የሚወድቅበትን ሲስተም ማንም እንዲሠራ አንፈቅድም። ገጠር ውስጥ እንደ ደሴት በተበታተኑ የሁለትና የሦስት ሄክታር ደኖች ላይ ግን ይህ ዛፍ እየኖረ ያለው እንደዚያ ነው።

«ፍሬ አለው ጋሼ?»

«ኧረ ሞልቶታል። ቀይ፣ ደቃቅ። ርግቡ ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው።»

«አንዱን ሰንጥቀው ይዩልኝ።»

በማግሥቱ ደወሉ። በአንዱ ፍሬ ውስጥ አምስት ዘር፤ በምላጭ ሲከፍቱት ውስጡ ነጭ፣ ሙሉ። ባዶ አይደለም። እንግዲህ ዛፉ ሴት ነው፤ ዘሩም ሙሉ ከሆነ ንብ ሄዶ በሚመለስበት ርቀት ውስጥ አንድ ወንድ አለ ማለት ነው። ደብሩ ውስጥ ግን አጎቴ ሌላ አላዩም። የት እንዳለ ማንም አያውቅም።

አሁን ወደ አጥሩ። አሠሪ ኮሚቴው ሲባጎ ወጥሮ መስመሩን ይዟል፤ መስመሩ ላይ አራት ባህር ዛፍና አንድ ምሳር ገንፎ ወደቁ። ሲባጎውን ወደ ውስጥ ቢስቡት ዛፉ ከአጥሩ ውጪ ይቀራል፤ ውጪ የቀረ ዛፍ ዕድሜው አንድ ክረምት ነው። ወደ ውጪ ቢገፉት የሰው መሬት ነው። የአንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ማሳ ነው፤ ሁለት ጥማድ እንኳ አይሞላም፤ ዓመቱን ድንችና ገብስ እያፈራረቀች ልጆች ታሳድግበታለች። አጎቴ ሄደው ሲጠይቋት «ዛፉ ጥላው ድንቼን አቀጭጮብኛል፤ ይቆረጥ ስትሉኝ ደስ ነው ያለኝ» አለቻቸው። እውነቷን ነው። ስለ ብዝኃ ሕይወት የሚጽፍ ሰው ከድንች ጋር ተነጋግሮ አያውቅም።

የቴሌግራሙ ቡድናችን ውስጥ ነገሩን ሳነሣ መልሱ ተከፋፈለ። አንዱ «ለአንድ የገንፎ ዛፍ ነው አጥር የሚጠመው?» አለ። ሌላው ዛፉ የታቦቱ ስለሆነ ውሳኔው የሰበካ ጉባኤው ነው፣ እኛ ምን አገባን አለ። እንዲህ ባለ ነገር እኔም ከዚህኛው ጋር ነኝ። ገንዘብ ስላዋጣሁ ብቻ ከአዲስ አበባ ሆኜ ሲባጎ መወጠር አልፈልግም። መዋጮው ይያዝ የሚል ሐሳብ ያመጣም ነበረ፤ ሰንጠረዡ እጄ ላይ ነው ብዬ ያን አላደርግም አልኩ። ያደረግኩት አንድ ነገር ነው። አጥሩ ዛፉን ዞሮ ቢሄድ ስንት ሜትር እንደሚጨምር፣ ስንት ድንጋይ፣ የስንት ቀን ጉልበት እንደሚፈልግ አስልቼ ለአጎቴ በስልክ አነበብኩላቸው፤ እሳቸው በካርቶን ቁራጭ ላይ ጽፈው ለኮሚቴው ወሰዱት። የጨመረው አሥራ አንድ ሜትር ነበር።

ኮሚቴው ውስጥ ነገሩን የፈቱት አንድ አሮጌ መሪጌታ ናቸው ይላሉ አጎቴ። ስለ ኢሌክስም ስለ ንብም አልተናገሩም። አራቱ ባህር ዛፍ እንደሆኑ መቆረጣቸው አይቀርም፤ ግንዱ ለሴትዮዋ ይሰጥ፣ እሷ ደግሞ ለአጥሩ ሦስት ክንድ መሬት ትልቀቅ አሉ። በዚህ ዘመን አራት የደረሰ ባህር ዛፍ ምን እንደሚያወጣ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሴትዮዋ አንድ ቀን አስባ እሺ አለች፤ ግን የምሳር ገንፎው ወደ ማሳዋ ያዘነበለው ቅርንጫፍ እንዲመለመል ብላ። ተመለመለ። አጎቴ ያን ቅርንጫፍ ወስደው ላጉት። ነጭ፣ ጥርት ያለ እንጨት ነው አሉኝ፤ ማንኪያ ወጣው።

አጥሩ አሁን ቆሟል። በምሥራቅ በኩል ሆድ አውጥቷል፤ ግንበኛው እስካሁን እንዳፈረበት ነው፤ ሥራው ጠማማ እንዳልሆነ ለሚያልፈው ሁሉ ያስረዳል አሉ። ከውስጥ ደግሞ የቆሎ ተማሪዎቹ ዘሩን በሦስት የተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ዘርተዋል። የዚህ ወገን ዘር ሲረግፍ ውስጡ ያለው ፅንስ ገና ያልበሰለ ስለሆነ ለመብቀል ይዘገያል፤ እንዳትደፉት፣ ውኃውን እንዳታቋርጡ ብዬ በአጎቴ በኩል አስነግሬያለሁ።

ወንዱን ግን አላገኘነውም። ዛፉ ጅረት ዳር ስለሚወድ ወደ ቆላማው ሸለቆ ፈልጉ አልኳቸው። ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ያን አረፋ የሚያወጣውን ቅጠል አሳይተውት ነበርና፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ «የሳሙናው ዛፍ ከወንዙ ማዶ አለ» ብሎ መጣ። አጎቴ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው ገደል ወርደው፣ ወንዝ ተሻግረው ሄዱ። ዛፉ አለ፤ ልጁ ልክ ነበር። ቀና ብለው ሲያዩ ቅርንጫፉ በቀይ ፍሬ ተሞልቷል። እሷም ሴት ናት።

አሁን የሚጠበቀው አበባው ነው። ወንዱ ፍሬ ስለሌለው በፍሬ ጊዜ ከሌላው ዛፍ ጋር ይመሳሰላል፤ ሲያብብ ግን ነጫጭ ደቃቅ አበባውን ቀርቦ ያየ ሰው ብናኝ የያዙትን ዘንጎች ይለያቸዋል። እረኛው ልጅ የሚያየው በምን እንደሆነ ጠየቀ፤ ከአዲስ አበባ አንድ የእጅ ማጉያ መነጽር በሰው እጅ ልኬያለሁ።